ሳሎኔ ውስጥ የተቀመጠው ድንኳንህ

ለውድ ወንድሜ ለተከስተ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? የዱባይ ሙቀት ጀመረ ሲሉ ሰምቼ አንተን አሰብኩ። ምግብህንስ በሰዓቱ ትበላለህ? አትሳቅብኝ፤ የቱንም ያህል ሠራተኛ ብታስተዳድር ለእኔ ያው ምሳውን ረስቶ የሚውለው ተከስተ ነህ።

እኛ ቤት ሁሉም በእግሩ ቆሟል፣ ተመስገን። ባለቤቴ ሽሻይ ስኳሩን ይቆጣጠራል፤ ማለትም እኔ ስቆጣ ይቆጣጠራል። ልጃችን ዳናይት ባምቢስ አካባቢ አንድ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ሥራ ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች፣ ቁርሷን እየበላችና ስልኳን እያየች ትወጣለች፤ ሦስቱንም በአንዴ እንዴት እንደምትችለው እግዜር ይወቅ። ናፍቆትህ ግን ሁላችንንም ጎድቶናል።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ ገና «ስማኝማ» ስል ስብሰባ ላይ ነኝ ትለኛለህ። በራስህ አፕ፣ በ«እንካ» እንዳልጽፍልህ ደግሞ ከአንተ በፊት ማን እንደሚያነበው አላውቅም። ስለዚህ የሀምዲያ እህት ወደዚያ ስትመለስ በእጇ ይድረስህ ብያለሁ። ሀምዲያ ያቺው እዚሁ ቡልጋሪያ ሰፈር ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው ጎረቤታችን ናት። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጋሽ ዋቅቶላ ማረፋቸውን ታውቃለህ፤ የላክኸው አበባም ደርሷል። ያልነገርኩህ ልቅሷቸው እንዴት እንደነበረ ነው። አንተን ራዲዮ መፍታት ያስተማሩህ፣ የፈታኸውን መግጠም ሲያቅትህም ሳይቆጡ የገጠሙልህ ሰው ናቸው። እናታችን አደይ በሰው ሆቴል አንሶላ ስታጥብ ስትውል አንተ የምትውለው ከእሳቸው ሥራ ቦታ፣ የምትበላው ደግሞ ከሚስታቸው ከእማማ ቡዜ እጅ ነበር። ይህን የምጽፈው ረሳኸው ብዬ አይደለም። ግን ስለ እነሱ ሳወራ ፊታቸው እንዲመጣልህ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከድንኳንህ ነው። አምና ለእድራችን ያንን ትልቅ ነጭ ድንኳን የላክህ ጊዜ ሰፈሩ እንዴት እንደመረቀህ በቪዲዮ አይተሃል። ጎኑ ላይ «እንካ» ተብሎ በሰማያዊ ቢጻፍበትም ማንም ቅር አላለውም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለገብርኤል ከእንግዲህ ሐዘንተኛ ዝናብ አይመታውም ብለው ድንኳኑን እንደ ልጅ ሲዳብሱት ነበር። አሮጌውን ቅድድ ድንኳን ሀምዲያ ለሽንኩርቷ ማልበሻ ወሰደችው።

ከዚያ ምርጫው መጣ፤ አንተም ያንን እጩህን ይዘህ መጣህ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ወረቀቴን አላበላሽም። ጠዋት ሀምዲያ ትእዛዝ መጥቶላት እንደሆነ ልታይ «እንካ»ን ስትከፍት ከሽንኩርቱ በፊት የእሱ ፊት ይመጣል። ዳናይት ከሁሉ በላይ ያስቀመጥከው አንተ ራስህ ነህ፣ ሆቴል ውስጥ አብራችሁ የተነሳችሁትንም ፎቶ ለጥፈሃል ብላ አሳየችኝ። የአንተ ጓደኞች፣ የነዚህ አፕና ኢንተርኔት ባለቤቶች፣ እነሱም እንዳንተ የየራሳቸውን ሰው ይዘዋል አሉ። ሽሻይ ምን ይላል መሰለህ፤ ድሮ ሀብታም በቅሎ ይገዛ ነበር፣ ዛሬ እጩ ይገዛል፤ ልዩነቱ በቅሎ ጌታዋን ይዛ ገደል እንዳትገባ ልጓም አላት።

እጩህ ከተማዋ ለነባሩ ነው ይላል። አባቱ እዚህ ያልተወለደ ሁሉ እሱ ዘንድ መጤ ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ የተበተነው ሰው ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ ሰውየው ያንን ቁስል ይነካካና ጥፋቱን ከገጠር በመጣ ጎረቤቱ ላይ ይጥለዋል። በስልክ ስጠይቅህ ይሄ እኮ በቃ ቢዝነስ ነው፣ ለቴክኖሎጂ የሚያስብ እሱ ብቻ ነው፣ የሚናገረውም ለምርጫ ያህል ነው፣ ሲያሸንፍ ይተወዋል አልከኝ። እኔም ትምህርቱ ያለህ አንተ ነህ ብዬ ዝም አልኩ።

ታዲያ የሰውየው ተላላኪዎች መጡና ለእሑድ ስብሰባ የእድሩን ድንኳን ስጡን አሉ። ሕጋችንን ታውቃለህ፤ የእድር ድንኳን ከልቅሶና ከሠርግ በቀር አይወጣም። ጋሽ ኃይለገብርኤል ግቢ ተሰበሰብን፤ እኔም በሴቶቹ በኩል ኮሚቴ ነኝ። ሁሉም እኔን እኔን ያያሉ። ድንኳኑን የሰጠን ወንድሟ፣ ሰውየውን የሚደግፈው ወንድሟ፣ እሷ ፊት እንዴት እምቢ እንበል ብለው አፈሩ። እኔ ደግሞ እነሱ እምቢ ቢሉልኝ እያልኩ እጸልያለሁ፤ ራሴ እምቢ ብል ወንድሟን በሰው ፊት አዋረደች እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ስንተፋፈር ማናችንም ያልፈለግነውን ነገር በሙሉ ድምፅ አጸደቅነው። የእኛ ሰው በይሉኝታ ያልገባበት ገደል የለም።

እሑድ ዕለት እኔ እማማ ቡዜ ቤት ነበርኩ። ጋሽ ዋቅቶላ ከተኙ ሰንብተዋል፤ እግራቸውን እያሸሁላቸው ነበር። ስብሰባው ያለበት ሜዳ ድምፅ ማጉያ ቤቱ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። እጩህ ስለ መንገድ አወራ፣ ስለ ሥራ አወራ፣ ከዚያ ከየገጠሩ ተግተልትሎ የመጣው ሁሉ ሻንጣውን ያዘጋጅ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሽ ዋቅቶላ ዓይናቸውን ገለጡና ይሄ ድምፅ የሚመጣው ከእኛ ድንኳን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ጋሼ አልኳቸው፤ ምን ብዬ ልዋሽ? «እንግዲህ ቡዜ፣ ሻንጣዬን አዘጋጂልኝ» ብለው ቀለዱ። ቀልድ እንደሚወዱ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ማናችንም አልሳቅንም፤ እማማ ቡዜ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

በሳምንቱ አረፉ። በንግግሩ ሞቱ አልልህም፤ ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ሐኪሙም ነግሮን ነበር። ግን ከወሊሶ ጎረምሳ ሆነው መጥተው፣ እዚህ ወልደው፣ እዚህ ሸብተው፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲቀብሩ ኖረው፣ በመጨረሻ የሰሙት ያንን ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳንህን በጋሪ ይዘው መጡና ደጃቸው ላይ ቋሚዎቹን መትከል ጀመሩ። ሰማዩም ጠቁሯል። እማማ ቡዜ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወጡ። አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ድካማችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁ፤ ይሄን ግን ደጄ ላይ አትትከሉት። ሰውየው እዚህ ውስጥ ቆሞ ዋቅቶላን ውጣ ብሎታል፤ እንዴት ብዬ እዚያው ሥር ተቀምጬ አለቅስለታለሁ?» አሉ። ሰው ሁሉ ቋሚውን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ኃይለገብርኤል ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያወጣችን ሀምዲያ ናት። አሮጌው አለ እኮ ብላ ሮጠች፤ ሽንኩርቷን መሬት ላይ ዘርግፋ ድንኳኑን አስመጣችው። በየቦታው ተቀዷል፣ ሽታውም ለጉድ ነው። እኔና ዳናይት በጆንያ መርፌና በሲባጎ ቶሎ ቶሎ ጠቀምነው። ጣቴ ደማ፣ ግን እጄ ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ድንኳኑ ጠቦ ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ በየጃንጥላው ሥር ተቀመጠ። ከካዛንቺስ ተነስተው ከተማው ዳር የገቡት ሁሉ ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። ሽሻይ በኋላ ከለቀስተኛው ግማሹን ያስለቀሰው ሽንኩርቱ ነው ብሎ እማማ ቡዜን ራሳቸውን ፈገግ አስደርጓቸዋል።

ከቀብር ስንመለስ ሰው ሁሉ ሲገባ እኔ መግባት አቃተኝ። የሰፋሁት ድንኳን ደጅ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ የአንተ እህት ነኛ። እማማ ቡዜ ከፍራሻቸው ቀና ብለው ትርሓስ፣ እንደ ባዕድ ነው ወይ ደጅ የምትቆሚው፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ያን ጊዜ ለጋሽ ዋቅቶላም፣ ለአደይም፣ ለአንተም አንድ ላይ አለቀስኩ።

አበባህ የደረሰው በሳልስቱ ነው። የ«እንካ» ሞተረኛ ይዞት መጣ፤ ሪባኑም ላይ የድርጅትህ ስም አለበት። እማማ ቡዜ ሞተረኛውን አስገብተው ምሳ አበሉት፤ አበባውን ከማን ነው ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እሱስ? አሉኝ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳቸው።

ከዚያ እድሩ እንደገና ተሰበሰበ። በዚህኛው ላይ ማንም ፊቴን እስኪያይ አልጠበቅሁም፤ ድንኳኑን ለባለቤቱ መልሱት አልኩ። ጋሽ ኃይለገብርኤል ስጦታ መመለስ ነውር ነው ሲሉ ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ አልኳቸው። እነሆ ድንኳንህ እኛ ሳሎን ነው። ሶፋውን ገፍተን አስቀምጠነዋል፤ ሽሻይ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቋሚው እግሩን ይመታዋል፣ እሱም አንተን ይጠራል።

ተከስተ፣ የፈለግኸውን ሰው መምረጥ መብትህ ነው፤ በዚያ አልመጣብህም። ግን ሰውየው ሲያሸንፍ ይተወዋል ያልከኝን ሳሰላስለው ከረምኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ቢተወው እንኳ ያጨበጨበው ሰው ይተወዋል ወይ? ደግሞስ እሱ በሚቆጥረው እኔና አንተ ማን ነን? አደይ ከሽሬ መጥታ አይደለም ወይ ለገሃር በአንዲት ጠባብ ክፍል ያሳደገችን? አንተስ ዛሬ ዱባይ ላይ ምንድን ነህ? አንዱ ተነስቶ ሻንጣህን አዘጋጅ ቢልህ፣ ያንንም ሰው ያሳደግኸው ልጅ ከሁሉ በላይ ቢያስቀምጠው፣ ሆድህ እንዴት ይሆናል?

የምለምንህ ይህን ነው። ፊቱን ከሰው ስልክ ላይ አንሳው፣ ስምህንም ከስሙ ለይ፤ የደገፍከው በአደባባይ ስለሆነ የምትለየውም በአደባባይ ይሁን። እምቢ ብትለኝም እህትህ ነኝ፣ ያ አይቀየርም። የምፈራው ሌላ ነው። እናት በሕይወት ዘመን ሁለት ጊዜ አትሰጥም፤ አንተ ግን አደይን ካጣህ በኋላም አንዲት ቀርተውልህ ነበር። እማማ ቡዜን በቁማቸው እንዳታጣቸው እፈራለሁ። በየቀኑ ከእሳቸው ጋር እውላለሁ፤ ስምህን እንደ ድሮው አያነሱም። ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ አልቆ፣ ጎረቤት ፍራሹን ከመሬት ያንሱት፣ ይበቃል እያለ ሲለምናቸው ቆይ እያሉ እዚያው መሬት ላይ ይተኛሉ። እርጅና ነው፣ ብርዱ ይጎዳቸዋል ብዬ ብቆጣም አልሰሙኝም።

ሽሻይ እግሩን እያሸ ሰላም ብሎሃል። ዳናይት ትስምሃለች፤ ተቆጥታብሃለችም፣ ሁለቱንም ንገሪው ብላለች። ሀምዲያ ሰላም በይልኝ፣ ሽንኩርቴን እንዳበላሸብኝም ንገሪልኝ ብላለች። ጋሽ ኃይለገብርኤል ጤናውን ይስጥልኝ፣ ልቡንም ይመልስልኝ ብለዋል።

እማማ ቡዜን ለተከስተ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልዎ አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። «ሰላምታ በወረቀት አልክለትም። ልቅሶ አልደረሰም፤ ይምጣና ይድረስ። ፍራሹን አላነሳሁም በይው» አሉኝ።

እህትህ ትርሓስ

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.