ከአቧራው ጀምሪ

ኪቡሊ፣ ካምፓላ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

የእናትሽ ዓይን ሰልሰቢል፣

ኢስታንቡል ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ካፖርት ግዢ ብዬሻለሁ፣ ዛሬም ግዢ እላለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ግን ተናድጃለሁ። ስልኩ የጋራችን ስለሆነ የምልክልሽን ሁሉ አባትሽ ያነበዋል። ረምዚያ ነገ ለልብስ ንግድ ወደ እናንተ ስለምትበር ይህን ወረቀት በእጇ ላክሁልሽ።

ያ የላክሽው ድምፅ ምን እንዳመጣ ታውቂያለሽ? ግቢያችን በአሮጌው የሲሚንቶ ቧንቧ ሲጨቃጨቅ እንደከረመ ነግሬሻለሁ። ጎረቤታችን የሺዋስ «አስቤስቶስ አለበት፣ ካንሰር እየጠጣን ነው» ብሎ ልጆቹን ጀሪካን ያሸክማቸው ጀመር። አባትሽ ደግሞ «ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ቧንቧ ስሠራ ማን ሞተ?» ይለዋል። ሁለቱ ሊደባደቡ ሲደርሱ፣ የተማርሽው ገላግይን አልንሽ።

አንቺም በደንብ አስረዳሽ። ውሃውን መጠጣት ይጎዳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ እንዳልተገኘ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደዚያ እንደሚል፣ አንዳንድ አጥኚዎች ግን እስካሁን እንደሚከራከሩ ተናገርሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቧንቧው ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ግን ክርክር የሌለበት አደጋ ነው አልሽ። አባትሽ እዚያ ከመድረስሽ በፊት ያጠፋዋል። ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ ያሰማል፣ ካባላጋላ ሰፈር ሐበሻ ምግብ ቤት ያሰማል፣ ለቦዳ ሞተር ነጂው እንኳ አማርኛ ሳይሰማ አሰምቶታል። «ልጄ ናት» ይላል። ሲኮራብሽ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽሽም።

ይሄው ኩራቱ ነው ያቃጠለኝ። የግቢው ባለቤት ቧንቧው ያፈሳል ብሎ ሊያስቀይረው ወሰነና ሥራውን ለአባትሽ ሰጠው። ካትዌ ገበያ ሄዶ ግራይንደር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መቁረጫ ገዛ። ውሃ ሳያፈስበት፣ አፉን ሳይሸፍን ደረቁን ይቆርጠዋል። ቁራጩን ደግሞ አበባ ይተከልበታል እያለ በራችን ላይ ደርድሮታል። ማታ ሲገባ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። እኔም እንደ ልማዴ ልብሱን በረንዳ ላይ አራግፌ እዘፈዝፋለሁ። ከጅማ ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነኝ።

«ሱሩር፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው አሰማ እንጂ» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አስያ፣ ከተማረችው ልጅ አንቺ ልትበልጪ ነው? ችግር የለውም ብላለች።»

«ስለ ውሃው ነው ያለችው።»

«ውሃው በምን ውስጥ ነው የሚያልፈው ታዲያ? በቧንቧው አይደል?»

እሱን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። የሺዋስም አላገዘኝም። ስለሚጠጣው ሲጮህ የከረመ ሰው፣ አቧራው በመስኮቱ ሲገባ ዝም አለ። «በክርክር ተረትቼ ደግሞ በአቧራ ልጀምር ወይ?» አለኝ። ወንዶቹ ማን አሸነፈ እንጂ ማን ታመመ አይሉም።

አሁን የግቢው ቧንቧ ግማሹ ቀርቷል። ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ እስከ መጪው ሳምንት አቁሞታል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። አዲስ ድምፅ ላኪ፣ ስለ ውሃው አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። አቧራው ሳንባ እንደሚገባ፣ ቧንቧው እየረጠበ በእጅ መጋዝ እንደሚቆረጥ፣ ልብሱም ቤት መግባት እንደሌለበት ንገሪው። የማንንም አይሰማም፣ ያንቺን ግን ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳሉ አልለቀኝ ቢል ረቡዕ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። አትደንግጪ፣ የመጨረሻው ውጤት ገና አልመጣም። ሐኪሙ የደረቴን ፎቶ ወደ ብርሃኑ ይዞ ሲያይ ቆየ። ምን እንደሚያስጨንቀኝ ሲጠይቀኝ የውሃውን ጭቅጭቅ አጫወትኩት። እሱ ስለ ውሃው ምንም አላለኝም።

«የባለቤትሽን የሥራ ልብስ የሚያጥበው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይሄን ለአባትሽ አልነገርኩትም። ብነግረው ግራይንደሩን ዛሬውኑ ይጥለዋል፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ሳስል በሰማ ቁጥር ምን እንደሚሆን ደግሞ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ አቧራው ካንቺ ይስማ፤ ስለ እኔ ከማንም አይስማ።

አላህ ዕውቀትሽን የሚጠቅም ያድርገው፣ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ፣ በሰላም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ካፖርቱን እንዳትረሺ። ድምፁን ስትልኪም አደራሽን፣ መሃል ላይ ያጠፋዋልና ከአቧራው ጀምሪ።

እናትሽ
አስያ