መኪናሽ ዳገቱን ወጣች

ልጄ፣ የምትሄጂበት መንገድ ሁሉ ሜዳ ይሁንልሽ! የማታ ትምህርቴ ፍሬ ይኸው፣ በገዛ እጄ ጻፍኩልሽ።

ትተሽልን ለሄድሽው አውቶማቲክ መኪና ብቻዬን ትልቅ ሞተርና ማንዋል ካምቢዮ ገጠምኩላት። እሺ፣ ሞተሩን በሰንሰለት ያነሳው ጎረቤታችን በያጁ ነው፤ እኔ «ቀስ!» እያልኩ አገዝኩት። እናትሽ፣ «አሁንም የቤታችንን ዳገት ካልወጣች ትሸጣለች» ብላ ስለዛተች ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ግን በሁለተኛ ማርሽ ሽቅብ ነድቼ በራችን ላይ አቆምኳት! አትሸጥም!

ደርበሽ ልበሺ፤ እጅሽ የያዘው ሁሉ ይባረክ። ስትደውይ እናትሽን ጎሽ በያት። ነዳሁ ያልኩት ፈጠራ ነው፤ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቶሎ እየለቀቅኩ ሦስቴ ሞተሩን ሳጠፋው፣ «ውረድ፣ አንተ ጉረኛ!» ብላ እየሳቀች መኪናዋን ዳገቱን ያወጣቻት እሷ ናት።