የአያ ሰይድ ድንጋይና የኔ ስሌት

ሰኞ

ችግኙ አልቋል። ፓፓያው ሙሉ በሙሉ፣ ማንጎው ግማሹ። ትናንት ከሰዓት ጉብታው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሞልቶ ሲፈስ፣ ታች ያለውን ችግኝ ጣቢያ ጠራርጎታል። ጠዋት ከወልድያ መርሳ ያለው እርሻ ስደርስ ሠራተኞቹ ጭቃ ውስጥ ሆነው የተረፈውን ይለቅማሉ። ቀና ብሎ ሰላም ያለኝ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ፓምፕ ጠባቂውን አያ ሰይድን ሰው መሀል አቆማቸው። «አውቶማቲክ መቆጣጠሪያው ቢሳሳት እንኳ ጠባቂ የተቀጠረው ለምንድን ነው?» አላቸው። «ዐስር ልሰግድ ሄጄ ነበር» አሉ። እስከ አርብ መልስ ካልሰጡ ስንብት ነው። በዚህ ዕድሜያቸው!

ማክሰኞ

ትናንት እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ያልጻፍኩት አለ። እሁድ አያ ሰይድ ደውለውልኝ ነበር።

አያ ሰይድ የታንከሩን ልክ የሚያውቁት በድንጋይ መታ መታ አድርገው፣ ድምፁን ሰምተው ነው። መቆጣጠሪያውን የገጠምኩ ጊዜ «ከእንግዲህ ድንጋዩን ይተዉት፣ ማሽኑ ያሰላዋል» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። እሁድ እኔ የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ነኝ። «ልጄ፣ ድምፁ የሞላ ነው፤ ላጥፋው?» አሉኝ። ስልኬ ላይ የታንከሩን ልክ አየሁ፤ ሃምሳ በመቶ ይላል። «ግማሽ ነው አያ ሰይድ፣ ፓምፑን አይንኩብኝ!» አልኳቸው። አምነውኝ ወደ መስጊድ ሄዱ።

ዛሬ ታንከሩ ላይ ወጣሁ። የውሃውን ልክ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ የአንደኛውን ሽቦ አይጥ በልታዋለች። መቆጣጠሪያው የሁለቱን አማካይ እንዲያወጣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ደህናው መቶ፣ የሞተው ዜሮ፣ አማካዩ ሃምሳ። ፓምፑ የሚቆመው ደግሞ ዘጠና ላይ ነው። የሞተ ሴንሰር ከስሌቱ እንዲወጣ የምታደርግ አንዲት ምርጫ ፕሮግራሙ ላይ ነበረች። አልነካኋትም። እርፍ!

ረቡዕ

ፓምፑ ቤት ሄድኩ። «ለምን መደወልዎን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ። እኔ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ልሠራ? አብሽሪ።»

የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር ያልቃል። ያንን አስቤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሳልሄድ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ሲሪንቃን እስኪያልፍ አለቀስኩ። ፈሪ! ሽማግሌ ከለላ አድርጌ የምበላው እንጀራ እንዴት ሊወርድልኝ ነው?

ሐሙስ

መብራት የለም እስከ ስምንት ሰዓት። ከዚያ፦ ሽቦው ተቀየረ። ምርጫዋ ተስተካከለች። የሁለቱ ሴንሰሮች ቁጥር ከተራራቀ ፓምፑ እንዲቆም ተደረገ። ሽቦውን ሆን ብዬ ነቀልኩት፤ ፓምፑ ወዲያው ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል እል ነበር።

ነገ አርብ ነው።

አርብ

ለሥራ አስኪያጁ ተናገርኩ። የእሁዱን ስልክም፣ አማካዩንም፣ ያልነካኋትንም ምርጫ። ሥራ አስኪያጁ «ያንቺን ሰኞ እናያለን» አለ። የአያ ሰይድን የስንብት ደብዳቤ ቀደደው። እሳቸው ደስ አላላቸውም። «ማን ተናገሪ አለሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

ከሰዓት አብረን ጉብታው ላይ ወጣን። ድንጋዩ ድሮ ያስቀምጡት የነበረበት ቦታ ነው። አንስቼ ሰጠኋቸው። መቱ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ፤ ደግመው መቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ማሽንሽ ስንት ይላል?» አሉኝ።

እኒህ ሰው የታንከሩን ልክ ከሰው ጠይቀው አያውቁም ነበር።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩት። «አንቱ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ድንጋዩን እንደያዙ ቆሙ። «እንጃ ልጄ፤ ማሽንሽን እይው» አሉና ቁልቁል መውረድ ጀመሩ።