ጋሽ ብልጭታ እና ያላለቀው የደረጃ ብረት

ጋሽ ብልጭታ ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው አባታቸው እና ከፍራሽ ሰፊዋ እናታቸው መስከረም 12 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ ከወፍጮው ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤተሰቡ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። አራተኛዋ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሁለቱ ታላላቆቻችን ቀድመውን ስላረፉ የወንድም ጋሼን ልጅነት አይቶ የሚመሰክር ከእኔ በቀር የቀረ የለም። ከዛሬ በፊት የጻፍኩትን ሁሉ፣ የሥራ ማመልከቻዬን ጭምር፣ በቀይ እስክሪብቶ ያረሙልኝ እሳቸው ነበሩ። ይህንን ግን ሳያዩት ነው የሚታተመው፤ ስህተት ካገኛችሁበት ታገሡኝ።

ትምህርታቸውን በ1954 ዓ.ም. ጀመሩ። በውጤት መካከለኛ ተማሪ ነበሩ፤ ነገር ግን መምህራን ሰሌዳ ላይ ፊደል ሲያሳስቱ እጅ አውጥተው ይናገሩ ስለነበር ሁለት ጊዜ "ወላጅ አምጣ" ተብለዋል። አባታችን ዱቄት እንደለበሱ ሄደው፣ "ልጁ ስህተት ካየ ዝም ማለት አይችልም፤ እኔም ቤት ውስጥ አስቸግሮኛል" ብለው እንደተመለሱ እናታችን እየሳቁ ይነግሩን ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው በ1967 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። ከማሽን አዳራሹ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ በአንድ መብራት ሥር፣ ከመስመሩ በታች ማስመሪያ እያስቀመጡ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው የጻፈውን አነበቡ። ትልቁ ማሽን ሲነሣ ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ውኃ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሳቸው አይሞቃቸው አይበርዳቸው።

በ1973 ዓ.ም. በዚያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። የሠርጉ ጥሪ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ስለወጣ ሁለት መቶውንም ካርድ ቁጭ ብለው በእጃቸው አርመዋል። ባለቤታቸው ምን ዓይነት ሰው እያገቡ እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ሆኖም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። አንድ ሴት እና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

አሁን ወደ ብረቱ እመጣለሁ። በ1994 ዓ.ም. የግቢያቸው በር ማጠፊያ ተሰበረ። የሰፈራችን በያጅ "ነገ እመጣለሁ" እያለ ሦስት ሳምንት አቆያቸው። በአራተኛው ሳምንት ወንድም ጋሼ ራሳቸው ወደ በያጁ ቤት ሄደው ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጠው ተቀመጡና ሲሠራ ማየት ጀመሩ። ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ ይሄዱ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ያገለገለ የብየዳ ማሽን ገዝተው ተመለሱና ማጠፊያውን በገዛ እጃቸው በየዱት። በያጁ ይህን ሰምቶ፣ "አይ ጋሼ፣ እኔ በቀጠሮ ብዘገይ እርስዎ ሙያዬን ይዘውብኝ ይሂዱ?" አላቸው። ከዚያ በኋላ የቅርብ ወዳጃቸው ሆነ።

ቤታቸው ፎቅ ነው፤ መኝታ ቤቱ ከላይ፣ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረው ትልቁ ክፍል ከታች። ያ የታችኛው ክፍል ወርክሾፕ ሆነ። ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ በመስኮቱ በኩል ታሰረ፤ ብረቱ ሁሉ፣ ላሜራው፣ ቱቦላሬው እና ፌሮው በየርዝመታቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የብየዳ ዘንጎቹ እርጥበት እንዳይነካቸው በሚል የወጥ ቤቱን ምድጃ ወረሱት። ባለቤታቸው ኬክ ሊጋግሩ ምድጃውን ለኩሰው፣ ከኬኩ በታች አንድ እሽግ የብየዳ ዘንግ አብሮ ሲጋገር ያገኙበት ቀን በቤተሰባችን ሲወራ ይኖራል።

የመጀመሪያ ሰሞን የወርክሾፑን በር ከፍተው ሲበይዱ ብርሃኑ መንገዱን እያቋረጠ የጎረቤት ሳሎን ይገባ ነበር። አንድ ቀን ሰፈሩ ሽቦ ተበጥሶ መስሎት የመብራት ሠራተኞችን ጠራ። ሠራተኞቹ ደርሰው ያገኙት ሽርጥ ያደረጉ አንድ አራሚን ነው። ጋሽ ብልጭታ የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈባቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። እኛ ግን አፍረን በሩንም መስኮቱንም ይዝጉ አልናቸው። ወፍራም መጋረጃ ሰፍቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሺ ብለው ከዚያ ወዲህ ዘግተው ሠሩ።

የሠሩት ዕቃ ሁሉ አንድ ጠባይ ነበረው፤ አይሰበርም፣ ከቦታውም አይነሣም። ለእኔ ለልደቴ የሰጡኝን የአበባ ማስቀመጫ አራት ጎረምሶች ናቸው ያስገቡልኝ፤ ቤት ስቀይር ለሚቀጥለው ተከራይ ትቼው ወጣሁ፤ ይህንን እስካሁን አልነገርኳቸውም ነበር። የልጃቸው አልጋ፣ የአማቻቸው መደርደሪያ፣ የጎረቤቶች የመስኮት ብረት ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቀኑን ሙሉ ወደ ወርክሾፑ ገቡ። ደስተኛ ነበሩ። ይህን ደስታቸውን አይቼ ዝም በማለቴ እንዳልጸጸት ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ግን እጸጸታለሁ።

የውኃ ቱቦ እንዳይዝግ ዚንክ ይቀባል። ያን ቱቦ ሲበይዱት ነጭ ጭስ ያወጣል፤ በያጆች ያውቁታል። ወንድም ጋሼ እሱን በበየዱ ቁጥር ማታ ብርድ ብርድ ይላቸውና ጠዋት ይለቃቸው ነበር። በያጁ መፍትሔ ነገራቸው፤ "ጋሼ፣ ወተት ይጠጡበት፤ ወተት ጭሱን ጠራርጎ ነው የሚያወጣው።" እሱም ከአስተማሪው የሰማው ነው፣ አስተማሪውም ከሌላ። እኛ ለጤናቸው የተገኘ መድኃኒት መስሎን ደስ አለን። ብየዳ ባለ ቀን አንድ ብርጭቆ ወተት አይቀርም ነበር። ማሳል ሲጀምሩ ሁለት ብርጭቆ አደረግነው።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሐኪሟ የደረታቸውን ራጅ ብርሃን ላይ አድርጋ፣ "ወተቱ የወረደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ" አለችን። ሳንባቸው ጠባሳ ይዟል፤ ተመልሶ አይድንም። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ልጆቻቸው እና እኔ ነበርን፤ ሦስታችንም የምናየውን አጣን። ብዙውን ጊዜ ወተቱን ቀድቼ የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ በገዛ እጄ።

ይህ ከመሆኑ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ አንድ ሥራ ጀምረው ነበር። ባለቤታቸው ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ያለ መደገፊያ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይችሉም። የደረጃው የእንጨት መደገፊያ ደግሞ ይነቃነቅ ነበር። ወንድም ጋሼ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው ነቀሉት፤ ቆራርጠውም ለጎረቤት ማገዶ ሰጡት። አዲሱን ከውኃ ቱቦ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ አሉ። ማንኛውም በያጅ አዲሱን ሳይሠራ አሮጌውን አይነቅልም፤ እሳቸው ግን የተበላሸ ነገር እያዩ ማለፍ አይችሉበትም። ባለቤታቸው "ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ ላይ እቀመጣለሁ" ብለው ተስማሙ።

አሥራ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ ለኩ። ሁለት እኩል ደረጃ አላገኙም፤ ግንበኛው ምን ያህል እንደተሳሳተ ሲነግሩኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። ቋሚዎቹን ሁሉ በየደረጃው በተቀበረ ብረት ላይ በየዱ። ረጅሙን ቱቦ ልክ በልክ ቆርጠው ከላዩ ጋደም አድርገው በሽቦ አሰሩት። የቀራቸው ሦስት መጋጠሚያ ነበር፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ደረጃው በሚታጠፍበት፣ አንዱ ከላይ። በዚያው ቀን ሳል አላቆም ብሏቸው ትንፋሽ አጠራቸው፤ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን ተሸክመን ወደ መኝታ ቤታቸው አወጣናቸው፤ ኦክሲጅን የሚሰጣቸው ማሽንም አብሮ ወጣ።

ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ደረጃው ላይ ቆሞ ብረቱን አየ። "እዚህ ቤት እሳት የሚባል ነገር እንዳይጫር። ክብሪት እንኳን አይሆንም፣ ብየዳማ አይታሰብም" አለ። ሦስቱ መጋጠሚያዎች እንደተከፈቱ ቀሩ።

ያልሞከርነው አልነበረም። ልጃቸው በብሎን እናስረው አለች፤ "ብሎን ይላላል፤ እናትሽ የምትይዘው ነገር አይላላም" አሏት። የኦክሲጅን ማሽናቸውን ይዘን ለአንድ ቀን ወደ እኔ ቤት እንውሰዳቸውና በያጁ ይጨርሰው ተባባልን። ሦስት ቅዳሜ ቀጠሮ ያዝን። ሦስቱንም ጊዜ ደረጃው አናት ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ መለስናቸው፤ ሐኪሟም ዳግም እንዳታንቀሳቅሷቸው አለች። ታች እናስተኛቸው እንዳንል የታችኛው ክፍል የብረት ብናኝ ነው። ባለቤታቸውን ተሸክመን እናውርድ ብንላቸው "እሱን ላይ ትቼ ወዴት?" አሉ። እንዲህ ሆነው ሁለቱም ከላይ ቀሩ፤ እኛም ወጣን፣ ወረድን፣ ምንም አልሠራንም።

አንድ ቀን ባለሙያው ማሽኑን ሊፈትሽ ሲመጣ ወንድም ጋሼ፣ "ለአንድ ሰዓት ብታጠፉልኝና በያጁ ቢጨርሰውስ?" ብለው ጠየቁት። አይቻልም አላቸው። "ግማሽ ሰዓትስ?" አሉ። አሁንም አይቻልም አላቸው። "እንግዲያው እኔ እስካለሁ አይበየድም ማለት ነው" አሉ። ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ያን ዕለት ወንድሜን አጽናናለሁ ብዬ ሄጄ እንዲሁ እጄን አጣምሬ ተቀምጬ መጣሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ደረጃው አንድ ጊዜ ብቻ አነሡ፤ "ያን እንጨት ባልነቅለው ኖሮ" አሉኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ስህተት ያረሙ ሰው የራሳቸውን ተኝተው ሲያዩት ከረሙ።

ጋሽ ብልጭታ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚያው ቀን አስከሬናቸውን ወደ ታች አውርደን፣ አጥበን ባጸዳነው ወርክሾፕ ውስጥ አሳረፍነው። ባለቤታቸው ሊከተሉት ተነሡና ደረጃው አናት ላይ ቆመው ቀሩ። ለመሸከም ቀርበን ነበር፤ "አትንኩኝ" አሉን።

ዓርብ ጠዋት የኦክሲጅኑ ማሽን ተወሰደ። በያጁ ማንም ሳይጠራው የራሱን ማሽን ተሸክሞ መጣ። በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፈተ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለውን ዚንክ ሞርዶ አነሣ፣ እያለቀሰ ሦስቱን በየዳቸው። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። እኛ ለዘጠኝ ወር ያቃተን ነገር ሃያ ደቂቃ ነበር።

ጋሽ ብልጭታ ባለቤታቸውን፣ አንድ ሴት ልጃቸውን፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አማቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን እና እኔን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ቦታ ያሳርፍልን። እኛንም ያጽናን፤ በወተቱም፣ በመጋረጃውም ይማረን።

ብረቱ እስኪበርድ ጠብቀው ባለቤታቸው ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጃቸውን አሳረፉበት። ማንም ሳይደግፋቸው አሥራ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ። ወደ ባላቸው ቀርበው ከጎናቸው ተቀመጡና፣ "አይነቃነቅም" አሏቸው።