ወንዙን ስለከሰስንበት ዘፈን

ይድረስ ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ለተቆጣሁህ ታናሽ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ? መንታዎቹስ አደጉ? ያ የጉሮሮህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንጨት እየላግሁ እኖራለሁ፣ ከወገቤ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግን አይጥምህምና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ቅዳሜ በጎረቤታችን በልብስ ሰፊው ሠርግ ላይ ያንተን ዘፈን ከፈቱት።

«እሷ በአልጋ ላይ ስሙን ስትጠራ፣
ወንዙ ከለከለው ሞልቶ እያጓራ።»

ሴቶቹ ወደ ልጄ ዞረው ከንፈራቸውን መጠጡላት። ቤት ስንገባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «አባዬ፣ እማዬ ስትሞት ከማዶ ሆነህ እንዴት ቻልከው?» አለችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አንተ ሰው፣ ምን በደልኩህ? በጥንቱ ተረት ሁሉ ወንዝ ሙሽራ ይወስዳል፣ ወንድማማች ይለያል፤ በዘፈኑም ፍቅረኛን ከማዶ ያስቀራል። አፍ ስለሌለው የጫኑበትን ሁሉ ይሸከማል። ለቅሶው ላይ «ለምን ዘገየህ?» ሲሉኝ «ወንዙ ሞልቶ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ማንም መልሶ አልጠየቀኝም። ነገር ግን እሷ በሞተችበት ቀን ጠዋት ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ፣ በዚያው መሻገሪያ እኔ ወደምሠራበት ማዶ ተሻግረህ፣ «ጠንቶባታል፣ ቶሎ ና» ያልከኝ አንተ ነህ። «ይህን በር ሰቅዬ ልምጣ፣ ቅደም» ብዬ የመለስኩትም አንተኑ ነው። እያወቅህ ዘፈንከው። ልትሸፍነኝ አስበህ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው መሸፈኛ ግን ያፍናል።

አሥራ አንድ ዓመት በጸሎቴ ለፈጣሪ ስናዘዝ ኖሬ ለሰው አፌን ዘጋሁ። ንዴቴን ስመረምረው የሚበልጠው በራሴ ላይ ነው። ቢሆንም አንተም አታመልጥም።

ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «በሩስ አለቀ?» ብቻ አለችኝ። አለቀ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ራቴን ታቀርብልኛለች እንጂ ቃል አትተነፍስም።

ዘፈኑን አቁም። ሰው ወዶታል እንዳትለኝ። መዝፈን ግድ ከሆነብህ ወንዙን አውጥተህ እኔን አስገባበት፣ ቤት ቢመታም ባይመታም።

ባለቤትህን፣ መንታዎቹን፣ አማትህንም ሰላም በልልኝ። አክስታችን ዓይኗ ደክሞ መጻፍ ባትችልም ጉንጩን ሳምልኝ ብላለች። ልጄ ሰላምታ አልላከችም፤ ላኪ ብዬም አልጠየቅኋት።

ታላቅ ወንድምህ አናጢው
ከቤት፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን