በሥዕል ልክ የተሰፋች ልጅ

ለተከበሩ ጋሽ ሽፈራው፣
በኮሎምበስ የማኅበራችን የበዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ አይጓደል፣ የምግብ ፍላጎትዎም አይቀንስ፤ ደብዳቤዬን ሲጨርሱ ይህ ምርቃት ቀላል እንዳልሆነ ይገባዎታል።

ለቅዳሜው «የነጻ ሴት ምሽት» ብሌንደን ሰፈር ባለው አዳራሽ መግቢያ ላይ ስላሰቀሉት ከመቶ ዓመት በፊት የተሳለ የፋሽን ሥዕል ከልብ አመሰግናለሁ። ሴትየዋ ጸጉሯን ቆርጣ፣ ቀሚሷን አሳጥራ፣ ወገብ የሚጠፍረውን ኮርሴት ጥላ ቆማለች። ትርኢት የሚያሳዩት ልጆቻችን ሁሉ «ልክ እንደ እሷ» እንዲሆኑ ማዘዝዎም ለነጻነት ምን ያህል ጥብቅ እንደሆኑ ያሳያል። አቤቱታዬ እነሆ፦

፩. ከአሮጌ መጽሔት ቅዳጆች እንደለቃቀምኩት፣ የዚያ ዘመን ሴቶች ወገባቸውን ፈትተው ደረታቸውን በጨርቅ አሰሩ፤ የዘመኑ ሥዕል ጠፍጣፋ ደረት ይወድ ነበርና። ኮሚቴው «ደረቱ ላይ ይጠፍጠፍ» የሚል ቴክስት ልኮልኝ ይህም እንዳይቀር ስላደረገ ምስጋና ይገባዋል።

፪. የእህቴ ልጅ ቢታንያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ቀሚሱ አልዘጋ ሲላት፣ እርስዎ በሰው ፊት «የሥዕሏ ሴት ቁርስ የምትበላ አይመስለኝም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ቀልድዎ ፍሬ አፍርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቢታንያ ቁርስም ምሳም ትታለች። ስጠይቃት «አይም ፋይን፣ ደህና ነኝ» ብላ በሯን ትዘጋለች።

፫. ሦስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ። ቀሚሱን ማስፋት ስችል፣ ልጅቷ በከሳች ቁጥር ጎኑን እያጠበብኩ ተከተልኳት። መርፌ በከንፈሬ ይዤ «ከሳሽ» አልኳት። እናቴ ይህን ቃል የምትለን ታመን እንደሆነ ግንባራችንን እየዳሰሰች ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሙገሳ አልኩት፤ ቢታንያም ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ከዓይኔ አልጠፋም።

ትናንት ስፌቱን ተርትሬ በራሷ ልክ አሰፋሁት። ሳሳያት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አክስቴ፣ ወፈርኩ እንዴ?»

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ቀልድ በሰው ፊት እንደተናገሩት፣ በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ብለው ያንሱልኝ። የኔን ቃል እኔ ብቻዬን ላነሳው አልቻልኩም።

«ከሳሽ» የምትለው ቃል ፍርድ ቤት ስትገባ ሌላ ትርጉም አላትና፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በዚህ ጉዳይ ከሳሽም ተከሳሽም፣
ፋንቱ፣ የቢታንያ አክስት

ማስታወሻ፦ የሥዕሏን ሴት በሜትሬ ለካኋት፤ ሆድ የሚባል አልተሳለላትም። ለቅዳሜው እራት የክብር ወንበር ቢያዘጋጁላትም ሳህን አያባክኑባት። ድርሻዋን ለቢታንያ ያስቀምጡልኝ፤ ካልነካችው ግን እኔና እርስዎ ፊቷ ተቀምጠን እንበላዋለን።