በአገዳው መሀል ያለው ፊት

ሰኞ
የምልሽን ብቻ ጻፊ ዘሃራ፤ አታሳምሪው።

ዛሬ ፎቶ ተነሳሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምስጉን ገበሬ ብሎ ምስሌን በአዳራሹ ሊሰቅል ከቆቦ ፎቶ አንሺ አስመጥቷል። ካሜራው በሦስት እግር የቆመ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ሰውዬው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ «አባባ፣ ግድግዳው ጋ ብቻዎን ይቁሙ» አለኝ። እምቢ አልኩ። እኔ ያለ በሬዬ ምኔ ይታያል? በሬውንም፣ የማሽላ አገዳ ክምሬንም አስገባ አልኩት። ጨርቁ ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ በሳጥኑ መስታወት ላይ ቤቴ ተዘቅዝቆ ይታያል።

ማክሰኞ
ወንድምሽ ሰይድ ከውትድርና ተደብቆ ክምሩ ውስጥ መሆኑን አውቅ ነበር። አገዳ አገዳ ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ ነበር። ዛሬ ምሳ ሳቀብለው «አባ፣ ትናንት የፎቶውን ሳጥን አየሁት» አይለኝ መሰለሽ!
«በየት በኩል?»
«አገዳውን ገለጥ አድርጌ።»
ዱላዬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። የገዛ ጉራዬ ነው ያመጣው።

ረቡዕ
ቆቦ ወርጄ ምስሉን አየሁ። ትሪ ያክላል። በበሬው ዓይን ላይ ያለችው ዝንብ ሳትቀር ትታያለች። ከአገዳው መሀል ሰይድ ቁጭ! ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ሁሉም።
«ይሄ ማነው?» አለኝ ፎቶ አንሺው።
«ማንም አይደለም።»
«አባባ፣ ማንም ያልሆነ ሰው ጢም አያወጣም።»
ለምኜ የማላውቀው ሰውዬ ለመንኩት። «ልጄ ነው። ደብቅልኝ።»
 በሩን ዘጋና እርሳስ ቀረጸ። ምስሉ በሚታተምበት ፊልም ላይ፣ በልጄ ፊት ላይ አገዳ ይሥል ጀመር። መጀመሪያ አፉ ሄደ። ከዚያ አንድ ዓይኑ። ሁለተኛው ሲሄድ ፊቴን አዞርኩ። የፊተኛውን ምስል በእጄ ቀደድኩት።

ዓርብ
አዲሱ ምስል ተሰቀለ። ሊቀመንበሩ አፍንጫውን አስጠግቶ አገዳውን በጣቱ ተከተለ። ጣቱ የሰይድ ፊት የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ።
«ይቺ አገዳ ወፈር ብላለች» አለ።
«መሬቴ ነው ያወፈራት» አልኩት።
ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። እኔን አየኝ፣ ምስሉን አየ፣ ወጣ።

ሰይድን ቀትር ላይ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር ሸኘሁት። እስካሁን የመጣብን የለም። ክምሩን አፍርሰን ለከብቶቹ በትነናል። አሁን ብዕሩን አስቀምጪ፤ ይህችን ወረቀት ደብቂ። በሩን ግን እንዳትዘጊው። የሚፈራ ቤት ነው በቀን የሚዘጋው።